ሁለት ዙር ሞላ

ይህን ነገር ሳላወራው ሦስት ዓመት ቆየሁ። የሚያሳፍር ስለሆነ ነው። አሁን ግን የደረሰብኝን እንደ ደረሰብኝ ልንገራችሁ።

ያኔ የሰላሳ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ። ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። አባቴ ከሸዋ በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እናቴ የነቀምቴ ልጅ ናት። ስሜን ታምራት ብለው ያወጡልኝ ከሦስት ሴቶች በኋላ የመጣሁ ወንድ ስለሆንኩ ነው፤ እንደዚህ ሆኖ ያደገ ልጅ ምን ያህል መታየት እንደሚወድ እናንተው ገምቱት።

በዚያ ዓመት አሮጌ ነጭ ዲኤክስ መኪና ገዛሁ። ሞተሯ ጤነኛ፣ ቀለሟ ንጹህ ነበር። ለእኔ ግን አንድ ጉድለት ነበረባት፤ ከፍ ብላ ነው የምትቆመው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የከተማው ልጆች መኪኖቻቸውን ይደረድራሉ። የእነሱ መሬት የነኩ ይመስላሉ፤ ጎማቸው ከላይ የሚከድነው ፓራፋንጎ ውስጥ ግጥም ብሎ ይገባል። የእኔ በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል እጅ ሙሉ ክፍተት ነበራት። ጓደኛዬ ሚልኪ፣ አነስተኛ የብየዳ ቤት ያለው ልጅ ነው፣ ባየኝ ቁጥር «መምህር፣ ወንዝ ልትሻገር ነው?» ይለኛል። ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ይከነክነኛል።

ስለዚህ መኪናዋን ዝቅ ለማስደረግ ወሰንኩ። ሳምንታት ሙሉ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ። ከብዙ ማየት በኋላ የገባኝ፣ መንገዱ ሦስት መሆኑ ነው። አንደኛው፣ አጭር ሆኖ የተሠራ ሞላ ውዝዋዜውን ከሚያበርደው ከራሱ ሾክ ጋር ገዝቶ መግጠም። ሁለተኛው፣ ከፍታው በጥርስ እየተጠመዘዘ የሚስተካከል አይነት፤ እሱ ውድ ነው፣ ለእኛ አቧራና ጭቃም አስተማማኝ አልመሰለኝም። ሦስተኛው ያለውን ሞላ ቆርጦ መልሶ መግጠም። ይኼኛው ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያልቀውም በአንድ ከሰዓት ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት በከኒሳ ቀሴ በሚባል ሰፈር ወዳለው ወደ ኦቦ ገመቹ ጋራዥ ነው፤ ኦቦ እንደ አቶ ያለ የአክብሮት ቃል ነው። ኦቦ ገመቹ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከባድ መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ብዙ አይናገሩም።

«ሞላውን ቆርጠው እንዲያሳጥሩልኝ ነበር» አልኳቸው።

«ሞላውን ብቻ? ሾኩስ?»

«ሾኩ ደህና ነው።»

ወደ መኪናዋ ኋላ ዞረው በመዳፋቸው ተጫኗትና ለቀቋት። መኪናዋ ሦስት አራት ጊዜ ተወዛወዘች።

«ደህና ቢሆን አንዴ ተነስቶ ይቆም ነበር» አሉኝ። «ይሄ ሞቷል። ደግሞ ሞላ ስታሳጥር ሾኩም በዚያው ልክ የተሠራ መሆን አለበት። ሾኩ ረዥም፣ ሞላው አጭር ከሆነ ጎማው በተንጠለጠለ ቁጥር ሞላው መቀመጫው ውስጥ ይላላል። አንድ ቀን ይወጣል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ከአዲስ አበባ ከነሾኩ የተሠራውን አስመጣ። አንድ ወር ይፈጃል። ሲመጣ እገጥምልሃለሁ። ቆርጬ ግን አልሰጥህም፣ ኢልመ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው።

አንድ ወር መጠበቅ አልቻልኩም። በአስራ አንደኛው ቀን ሽማግሌዎቼ ለጋብቻ ጥያቄ ኡኬ ወደምትባል ከተማ ሊሄዱልኝ ነበር። ሲፈን የምትባል ፍቅረኛ ነበረችኝ፤ ነቀምቴ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ቤተሰቦቿ ኡኬ ናቸው። ሽማግሌዎቹን የማደርሳቸው እኔ ነኝ። በደንቡ ቤት አልገባም፤ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ተቀምጬ እጠብቃለሁ። መኪናዋን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያያታል። እንደ ዶሮ ከፍ ብላ እንድትታይብኝ አልፈለግኩም።

ሌላም ነገር ነበር። በዚያው ሴሚስተር ለተማሪዎቼ ስለ ሞላ አስተምሬአለሁ። ሞላ ሲያጥር ይጠነክራል፤ በሰሌዳ ላይ ቀመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ከጠነከረ ምን ይሆናል? ኦቦ ገመቹ ሥራ እንዳይቀርባቸው ብለው ነው» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ዛሬ ሳስበው ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ስለ ሞላው ያወቅኩት ልክ ነበር። ሞላው የሚቀመጥበትን ቦታ ግን አንድም ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁትም።

ሚልኪ ቤት ወሰድኳት። ከሰዓት በኋላ ጀምረን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስን። ከእያንዳንዱ ሞላ ሁለት ሁለት ዙር በመቁረጫ አንስቶ መልሶ ገጠመው። ክሪኩን ስናወርደው መኪናዋ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። እውነት ለመናገር በጣም አምራ ነበር። ዙሪያዋን እየተሽከረከርኩ ፎቶ አነሳኋት።

በቀጣዮቹ ቀናት ነገሩ እንደ ፎቶው አልሆነም። ጉብታ በተሻገርኩ ቁጥር ከኋላ በስተግራ «ጓ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሚልኪን ስጠይቀው «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል» አለኝ። ሲፈንን አንድ ቀን ከሥራ ስመልሳት ወገቧን ይዛ ወረደች።

«ታምራት፣ ይሄን ነገር ለምን አደረግከው?»

«አያምርም?»

«ያምራል። ግን አባቴ ካየው ይስቅብሃል።»

አባቷ ኦቦ ፉፋ መንገድ ሥራ ላይ ግሬደር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አይቻቸው አላውቅም። እሷ ስለ እሳቸው ስታወራ ድምጿ ስለሚቀየር ሳላያቸው እፈራቸው ነበር።

ቀኑ ቅዳሜ ደረሰ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቼን ሰበሰብኩ። ከፊት ኦቦ ተሊላ ተቀመጡ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እግራቸውን መዘርጋት አለባቸው። ከኋላ የእናቴ ወንድም ቀነአ ገባ፤ በወፍራምነቱ የሚታወቅ ሳቂታ ነጋዴ ነው። ከእሱ አጠገብ የትምህርት ቤታችን ባልደረባ መምህር ወርቁ ነበሩ፤ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ነቀምቴ ሃያ ዓመት አስተምረዋል። ሁሉም ሱፍ ለብሰዋል።

ሲገቡ መኪናዋ ይበልጥ ወረደች። መምህር ወርቁ ከመግባታቸው በፊት የኋላ ጎማውን አዩት፤ ግማሹ አይታይም።

«ታምራት፣ መኪናዋ ሰገደች እንዴ?» አሉኝ።

ተሳሳቅን። ቆሜ ማየት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። አላየሁም።

ከከተማው እስክንወጣ ጉብታዎቹን በሰያፍ ቀስ እያልኩ አለፍኩ። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ይጀምራል፤ ወደ ኡኬ በወረዳችሁ ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ፣ በየግቢው የማንጎ ዛፍ እየበዛ ይሄዳል። አጎቴ የሚናገረውን ይለማመድ ነበር። መምህር ወርቁ ያርሙታል። ኦቦ ተሊላ ዝም ብለው መንገዱን ያያሉ።

ግማሽ መንገድ ያህል እንደሄድን የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ።

«የሆነ ነገር ይሸታል» አለ አጎቴ።

«ከፊታችን ያለው መኪና ነው» አልኩት። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ነበር፤ ግን ሩቅ ነው። እየዋሸሁ እንደሆነ አውቃለሁ። የሚሸተው ከፓራፋንጎው ጋር የሚፋተገው የእኔ ጎማ ነው። «ኡኬ ስደርስ አየዋለሁ» አልኩ በልቤ።

ከዚያ አንድ አነስተኛ ኮረብታ ጫፍ ላይ፣ አስፋልቱ ተቆርጦ የተጠገነበት ቦታ መጣ። ጉብታውን ያየሁት ላዩ ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው። መኪናዋ ብድግ አለች፤ ለአንድ አፍታ ሁላችንም የተንሳፈፍን መሰለኝ። ስታርፍ ያ «ጓ» የሚለው ድምፅ አልመጣም። ሌላ ድምፅ መጣ፤ ብረት ብረትን ሲፍቅ። መኪናዋ በግራ በኩል ከኋላ ተቀመጠች።

ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ ትንሽ ተቃወመኝና እግሬ ሥር ቀለጠ፤ እስከ ወለሉ ድረስ ሰተት ብሎ ወረደ። ደግሜ ረገጥኩት። ጥቂት ያዝ አደረገ፤ ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋን የሚያቆም ግን አልነበረም።

ከፊታችን የጭነት መኪናው እየቀረበ ነው። በቀስታ ነው የሚወርደው፤ ተጭኗል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል። ልቀድመው ብል ከታች አንድ ሚኒባስ እየወጣ ነው።

«ፍሬን የለኝም» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

ኦቦ ተሊላ አንድ እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አደረጉ። «ሱታ፣ ኢልመ ኮ» አሉኝ፤ ቀስ በል፣ ልጄ። እሑድ ጠዋት ጸሎት ሲያደርሱ በሚናገሩበት በዚያው ድምፅ ነው ያሉት። ያ ድምፅ እጄን መለሰልኝ።

ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ አወረድኩ። ሞተሩ ጮኸ። ወደ ሁለተኛ። የእጅ ፍሬኑን በጥርስ በጥርስ ሳብ ማድረግ ጀመርኩ፤ አንዴ ብዙ ስስብ ኋላዋ ወደ ግራ ስለተወረወረ ለቀቅ አደረግኩት። መሪው ይንቀጠቀጣል። በጭነት መኪናውና በእኛ መሀል ሁለት መኪና የሚያቆም ቦታ እንኳ አልቀረም። የኋላ በሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ እችል ነበር፤ ምን እንደሚል ግን ዛሬ አላስታውስም።

በቀኝ በኩል፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣ ለመንገድ ጥገና የተደፋ የጠጠር ክምር አየሁ።

«አጥብቃችሁ ያዙ» አልኩና መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ።

ጠጠሩ ከሥራችን እንደ ዝናብ ጮኸ። ሆዷ ክምሩ ላይ ተሳበ፤ አፍንጫዋ ቀና አለ፤ ከዚያ ቆመች። ሞተሩ ጠፋ።

«አጎቴ?»

«አለሁ።»

«መምህር ወርቁ?»

«አለሁ ልጄ፣ አለሁ። መነጽሬ ብቻ ነው የጠፋ።»

ኦቦ ተሊላን ለመጥራት ፈራሁ። ዞሬ ሳያቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። «ገለኒ ዋቀዮፍ» አሉ በመጨረሻ። ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁን ማለት ነው። ጉልበታቸው ዳሽቦርዱን መትቶ ነበር። ሌላው ሁሉ ደህና ነን።

ወርጄ ከክምሩ ወዲያ ተመለከትኩ። ሰላሳ እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ መንገዱ ይታጠፋል፤ ከመታጠፊያው ሥር ድንጋያማ ወንዝ አለ። ጠጠሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ከታች ይወጣ የነበረው የሚኒባሱ ሾፌር መኪናውን አቁሞ መጣ። ጎልማሳ ሰው ነው። ተንበርክኮ ከሥር አየና ጠራኝ። የኋላው ግራ ሞላ ከመቀመጫው ወጥቶ በአግድም ተጋድሟል። የተቆረጠው ጫፉ የፍሬኑን ጎማ ቱቦ በጥሶታል። የመኪናዋን ጎማ ደግሞ በውስጥ በኩል እስከ ክሩ ድረስ ፍቆታል።

«ይሄን ማን ቆረጠው?» አለኝ።

ኦቦ ተሊላ ከኋላዬ ቆመው ይሰሙ ነበር።

አጎቴ እንመለስ አለ። ኦቦ ተሊላ እምቢ አሉ። «ሰው ቤቱን አዘጋጅቶ እየጠበቀን ነው። እስከዚህ ያደረሰን አምላክ እዚያም ያደርሰናል» አሉ። መኪናዋን አጠገባችን ላለ ገበሬ አደራ ብለን፣ ወደ ኡኬ የሚወርድ ሌላ ሚኒባስ ተሳፈርን። ኦቦ ተሊላን የምደግፋቸው እኔ ነበርኩ።

መንገድ ላይ አጎቴ ጎንበስ ብሎ ነገረን። «መኪና ተበላሸብን እንበል። ይበቃል። ሌላውን ማን ይጠይቃል?» መምህር ወርቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኦቦ ተሊላ ጉልበታቸውን ያሹ ነበር።

ኡኬ የደረስነው ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይተን ነው። ሱፋችን አቧራ ለብሷል። ኦቦ ተሊላን እስከ ኦቦ ፉፋ በር ደግፌ አደረስኩና ልመለስ ስል፣ ረዥም፣ ትከሻቸው ሰፊ የሆነ ሰው ከውስጥ ወጡ።

«ኮታ፣ ኑ፣ ግቡ። ሾፌሩም ይግባ። ጠጥቶ ይሂድ።»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። በር ሥር ባለች ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሲፈን ውሃ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች፤ አየችኝ፤ ከሸሚዜ እስከ ጫማዬ አየችኝና ማሰሮውን ይዛ ቆማ ቀረች።

ሰላምታው አለቀ። ኦቦ ፉፋ የሁላችንንም አቧራ፣ የኦቦ ተሊላንም ጉልበት አይተዋል።

«ምን ገጠማችሁ?» አሉ።

«መኪናዋ ተበላሸችብን» አለ አጎቴ ቶሎ ብሎ።

ኦቦ ፉፋ ወደ እኔ ዞሩ። «ምኗ ነው የተበላሸው?»

ለምን እንደተናገርኩ እስከ ዛሬ በደንብ አላውቅም። ምናልባት የኦቦ ተሊላ ጉልበት ሲያብጥ እያየሁት ስለነበረ ይሆናል።

«አልተበላሸችም» አልኩ። «እኔ ነኝ ያበላሸኋት። ዝቅ እንድትል ሞላዋን አስቆረጥኩ። ሾኩን አልቀየርኩም። አንድ ሽማግሌ መካኒክ አይሆንም ብለውኝ ነበር። አልሰማኋቸውም። ሞላው ወጥቶ ፍሬኑን በጠሰው። እነዚህን ሰዎች ልገድላቸው ነበር።»

አጎቴ ጣሪያውን ያያል።

«ለምን ዝቅ አደረግካት?» አሉኝ ኦቦ ፉፋ።

«እንድታምር።»

«አማረች?»

«ባዶዋን ቆማ ስትታይ ታምር ነበር።»

ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየሁት ድምፅ ወጣቸው። «ግሬደር ስነዳ» አሉ፣ «አንድ ጊዜ ፍሬን ጠፍቶብኝ ነበር። የሰው ሕይወት አልጠፋም። ግን ለአለቃዬ መሣሪያው አርጅቶ ነው አልኩት። ዘይቱን ሳላይ የተነሳሁት እኔ ነበርኩ። አለቃዬ አመነኝ። ውሸቱ ይኸው እስከ ዛሬ አለ እዚህ።» ደረታቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

ከዚያ ሽማግሌዎቼ የመጡበትን ተናገሩ። ኦቦ ፉፋ እንደ ደንቡ ዘመድ ሳያማክሩ መልስ እንደማይሰጡ ነገሯቸው። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አሉ። ቀጥለውም፣ «በሚኒባስ ኑ። ሾፌሩን ግን ይዛችሁት ኑ።»

መምህር ወርቁ ያለ መነጽር ዓይናቸውን እያሹ ፈገግ አሉ። ሲፈን ወደ ጓዳ ገባች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ አባቷ ገና በሩ ላይ ነው ያወቁኝ፤ ፎቶዬን አሳይታቸው ነበር።

የዚያን ቀን ወደ ነቀምቴ ስንመለስ ደረቴ ላይ የነበረው ነገር እንዴት እንደቀለለኝ በቃል ልነግራችሁ አልችልም። የሚኒባሱን መስኮት ከፍቼ ነፋሱን ስጠጣ መጣሁ። ኦቦ ተሊላ ትከሻዬ ላይ ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ አለመንቀሳቀሴ ብቻውን ደስታ ሆነልኝ።

መኪናዋ ተጎትታ ኦቦ ገመቹ ጋራዥ ገባች። ነግሬህ ነበር አላሉኝም። የወጣውን ሞላ በእጃቸው አገላብጠው አይተው ጥግ ላይ አስቀመጡት። «አሁን እንምረጥ» አሉኝ። ሚልኪንም ይዤው ሄጄ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛ ነግሮኛል። ኦቦ ገመቹ እሱን፣ እኔን፣ ሁለት የጋራዡን ሠራተኞች መኪናዋ ውስጥ አስቀመጡን። ከዚያ በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ያለውን ክፍተት በጣታቸው ለኩ። ወጣን፤ ባዶዋን ደግመው ለኩ።

«ከዚህ ላይ ሁለት ጣት ብቻ ነው የሚቀነሰው» አሉ። «ከዚያ በላይ የሚሸጥልህ ካለ አትግዛ። ሞላው ከነሾኩ አንድ ላይ የተሠራ ይሁን። ሞላው የሚያርፍባቸውን ጎማዎችና በየመገጣጠሚያው ያሉትን ጎሚኒዎች አብረን እንቀይራለን። ከገጠምን በኋላ የጎማውን አቅጣጫ እናስለካለን። ሳምንት ነድተህ ትመለሳለህ፤ ብሎኖቹን ደግሜ አጠብቃለሁ።»

አንድ ወር ጠበቅኩ። በዚያ ወር በእግሬና በባጃጅ ሄድኩ። ዕቃው ሲመጣ ሚልኪ ከኦቦ ገመቹ አጠገብ ቆሞ አብሮ ገጠመ። ዛሬ እሱ ቤት ሞላ ቁረጥልኝ ብሎ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው መልስ እምቢታ ነው፤ አልፎ ተርፎ ወደ እኔ ይልከዋል፣ እንድነግረው።

ሲፈንና እኔ ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን። መኪናዋ ሁለት ጣት ዝቅ ያለች ናት። እሑድ ሲደረደሩ ከሁሉም ከፍ ትላለች፤ አንዳንዱ አሁንም ይስቃል።

የተቀየረችው ግን መኪናዋ ብቻ አይደለችም፤ እኔም ነኝ። ክፍል ውስጥ የማላውቀውን ሲጠይቁኝ «አላውቅም፣ አይቼ እነግራችኋለሁ» እላለሁ። በፊት አልልም ነበር። የሆነ ነገር ሲሸተኝም እቆማለሁ። ሰው ቢቸኩልም፣ ቢስቅም እቆማለሁ፤ ወርጄ ጎንበስ ብዬ አያለሁ።

እናንተም መኪናችሁን ዝቅ ማስደረግ ከፈለጋችሁ አልከለክላችሁም፤ ያምራል። ግን ባዶዋን ቆማ አይታችሁ አትወስኑ። መጀመሪያ አባታችሁን ከፊት፣ እናታችሁንና ልጆቻችሁን ከኋላ አስቀምጡ። ከዚያ ለኩ።